ውሸቴን ነው ማለት ያቃተኝ ቀን

ይኼን ስሙ። ስዘፍንላችሁ ጆሮ ነበራችሁ አይደል? አሁንም አውሱኝ። ዛሬ ማሲንቆ የለም፣ በባዶ አፌ ነው የማወራው።

እኔ ዳዊት ሳልጨርስ ከቄሱ ፊት የሸሸሁ ሰው ነኝ። ፊደሉ አልይዝልኝ ሲል ማሲንቆ ያዝኩ። ጣሊያን ደሴ ገብቶ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ፣ እኔ ያኔ ስም አወጣሁ። ከደሴ ፒያሳ ጠጅ ቤት እስከ ኮምቦልቻ የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር «ያ ምላሰኛው ይምጣ» ይባል ነበር። ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ከሰጠኝ፣ አፉን ሳይዘጋ በዜማ እመልስለታለሁ። ግጥሙ የሰጪው፣ ድምፁ የኔ። አንድም ቀን ወድቆብኝ አያውቅም።

ቦሩ ሜዳ አንድ ገበሬ ልጁን ሲድር ጠራኝ። ደግ ሰው ነበር። ገና ከመድረሴ ውሃ አስመጥቶ እግሬን አስታጠበኝ፤ አዝማሪ ብሎ አልናቀኝም። ታዲያ ዳሱ ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ የጣሊያን ጠመንጃ ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ባንዳ ተቀምጧል። ወደው አይደለም የጠሩት፤ ሳይጠሩት ቢቀሩ ስለሚብስ ነው። እኔም አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

ቀትር ላይ የገበሬው አማች፣ የሚስቱ ወንድም፣ ጠላው ራሱ ላይ ወጥቶ ብድግ አለ።

«ተቀበል!»

«እሺ ጌታው፣ ይስጡኝ!»

«ጎተራው የሞላ፣ ደጁ የማይዘጋ፣
ዱር ያለ ወንድሙ ጠግቦ 'ሚያነጋ!»

ዱር ያለው አርበኛ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። እጄ ማሲንቆው ላይ ደረቀ።

«ተቀበል እንጂ! አፍህ ተለጎመ?»

«ተዉት፣ ጠግቦ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ቅልጥም አሸክሙትና ወደ ቤቱ ይሂድ!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ሳቅ ናት የበላችኝ። ሰጪው ሰክሯል፤ እኔ ግን ጠብታ አልቀመስኩም። ያልሰማሁ መስዬ ሙሽራዋን ባሞግስ ያልፍ ነበር። ተቀበልኩት። መቀበሉ አንሶኝ የገበሬውን ስም ከነአባቱ ጨምሬ ደገምኩት። እልልታው ቀለጠ። ባንዳው ብቻ አላጨበጨበም። ገበሬው እኔን አላየኝም፤ ልጁን ነው ያየው።

በሦስተኛው ቀን ገበሬውን ወሰዱት። እኔንም ደሴ አስጠሩኝ። ከጣሊያኑ ሹም አጠገብ የቆመው አስተርጓሚ፣ «ይኼን ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ተቀባይ ነኝ! ሰው ሰጥቶኝ ነው እንጂ ከራሴ አላወጣሁም።»

«ማን ሰጠህ?»

«ሰው ብዙ ነበር፣ አላየሁትም።»

የሰጪውን ስም ስላላወጣሁ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ ስወጣ፣ በሩ ላይ የገበሬው ጎረቤት፣ አንድ የእስላም ሽማግሌ፣ ለምስክርነት ተራ ይጠብቃሉ። ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ።

«ውሸቴን ነው አትልም? አዝማሪ አይደለህ? ለበላሁበት ሁሉ እንዲህ ነው የምለው፣ ፈሪውንም ጀግና ነው የምለው ብትል፣ ጅራፍህን ቀምሰህ ትወጣለህ፣ እሱም ይፈታል። ሰው ሰጠኝ ስትል፣ ጉዱን የሚያውቅ ሰው አለ ማለትህ አይደል?»

«እርስዎስ ምን ሊሉ ነው?»

«ወላሂ በዚያ ቤት ሽፍታ በልቶ አያውቅም ብዬ እምላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በውሸት።» መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና ገቡ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በውሸት የኖርኩት ሰውዬ፣ ውሸት የጠፋኝ ያን ቀን ነው። የሳቸው መሐላ አልጠቀመም። የኔ ቃል ቀድሟል።

ክረምቱ ሲወጣ ለመንገድ ሠራተኞች ልጫወት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ገበሬውን እዚያ አገኘሁት፤ ከሌላ እስረኛ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ድንጋይ ይፈልጣል። ማሲንቆዬን ጋቢዬ ሥር ሸጎጥኩት። አይቶኛል።

«ደህና ነህ ልጄ? ሥራ አለ?» አለኝ።

ምናለ በሰደበኝ!

«አለ፣ ጌታዬ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ዘበኛው ጮኸበት፤ ገበሬው መዶሻውን አነሳ።

እስካሁን አልተመለሰም። እኔም መጫወቱን አልተውኩም፤ የምበላበት ሌላ ነገር አላውቅም፤ ይኼም ያሳፍረኛል። በገበያ ስታገኙኝ «የሰው ቤት ያፈረሰ አዝማሪ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በሉኝ። ግን አንተ ግጥሙን የሰጠኸኝ፣ እናንተም ዳሱን ሞልታችሁ የሳቃችሁት፦ እኔ አንድ ሰው ነበርኩ፣ ፈራሁ። አንድ የእስላም ሽማግሌ ለጎረቤታቸው ብለው ነፍሳቸውን ሲያስይዙ፣ ከናንተ ከሥጋ ዘመዶቹ መሀል ደሴ ድረስ መጥቶ አንዲት ቃል የተናገረለት ማን ነው?