ያልታየው ቢጫ መስመር

ሶፎኒያስ ሱቄ የመጣው በ2015 ክረምት፣ ከካርቱም ሸሽቶ ነው። እኔ ዘከሪያ እባላለሁ፤ ከጎንደር ከወጣሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክና የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። እሱም የጎንደር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እየተማረ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ በመተማ ተሻገረ፤ ካርቱም ውስጥ ለአንድ መድኃኒት አስመጪ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳይዝ፣ አንድ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ።

«ጋሽ ዘከሪያ፣ ስልክ መጠገን እችላለሁ» አለኝ።

አልቻለም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንንሾቹን ብሎኖች እየጣለ መሬት ለመሬት ሲፈልግ ይውላል። መንገድ ላይ ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ኪቦርድ ላይ ሲሆን ግን እጁ ይረጋል። ያን ካየሁ በኋላ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ለቀቅሁለት።

ብርቱካን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ካርቱም ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ታስተምር የነበረች፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ሴት ናት። በሽሽት የተጠፋፉ ሰዎችን ስም በደብተር ትመዘግባለች። አንዱ ከከሰላ ይደውልና «እገሌ እዚህ አለ» ይላታል፤ ሌላው በአካል መጥቶ «እገሌን የሰማ አለ?» ይላል። ደብተሩ ሰባት ሲደርስ አንድ ስም ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅባት ጀመር።

«እኔ ልሥራልሽ» አላት ሶፎኒያስ።

በሁለት ሳምንት ሠራው። ፊደል ብቻ በሚጻፍበት፣ እነሱ ተርሚናል በሚሉት ጥቁር መስኮት ውስጥ የሚሄድ ፕሮግራም ነው። ሥዕል ስለሌለው ያረጀ ማሽንም ደካማ ኔትወርክም ይበቃዋል። ስሙ ሲጻፍ መስመሩ ይወጣል። ሰውየው በሕይወት ተገኝቶ ከሆነ በአረንጓዴ፣ ሞቶ ከሆነ በቀይ፣ ወሬ ብቻ መጥቶ ገና ካልተረጋገጠ በቢጫ። ጨርሶ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ምንም አይጽፍም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጽፍም ነበር።

ሱቁ ስለሚጠብ ብርቱካን የምትሠራው በር ላይ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር፣ በእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። በ2016 ሐምሌ ፀሐዩ ከዝናቡ በኋላ እየተንፀባረቀ አስቸገራት።

«ጥቁሩ እንደ መስተዋት ሆነብኝ» አለች። «የማየው የራሴን ፊት ነው።»

«ታዲያ እንደ ወረቀት ነጭ አድርግላታ» አልኩት ሶፎኒያስን። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ጎንበስ ብሎ ሁለት ሦስት ነገር ነካካ፤ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ጥቁሩ ፊደል ጎልቶ ታየ፣ አረንጓዴውም ቀዩም ታየ። ብርቱካን መረቀችው። ቢጫውን ማናችንም አላሰብነውም። የእሱ ላፕቶፕ እንደ ጥንቱ ጥቁር ስለነበር በእሱ በኩል ሁሉም ደህና ነው።

ነሐሴ ስድስት ቀን ለተሰንበት የምትባል እናት ድንበር ላይ ካለው የሐምዳይት ስደተኞች ጣቢያ መጣች። አፏን የፈታችው በትግርኛ ቢሆንም፣ ሁመራ የኖረች ስለሆነች አማርኛዋ ጥሩ ነው። ልጅዋ ራሄል ካርቱም በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ከዚያ ወደ መዳኒ ከተማ መሸሽዋን ሰምታለች፤ መዳኒም በተዋጊዎች ሲያዝ ድምፅዋ ጠፋ። ብርቱካን ስሙን ከነአባትዋ ጻፈች። ምንም የለም።

«እባክሽ ደግመሽ እዪልኝ» አለቻት።

ብርቱካን በሌላው «ሔ» ጻፈች፣ ቀጥላም በሌላው «ኄ»። አሁንም ነጭ ነው።

«የለችም፣ እናቴ» አለቻት። «ስልክዎን ይተዉልኝ፤ ከመጣ እደውላለሁ።»

ለተሰንበት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ሻይ ይጠጡ ብላት እምቢ አለችኝ። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ሐምዳይት መግባት አለብኝ ብላ፣ በዚያው ወደ መኪናው ሄደች።

ነገሩን የደረሰበት ኢሀብ ነው። ኢሀብ ከመዳኒ የተፈናቀለ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ወንድሙን እየፈለገ መጥቶ፣ የዓረብኛ ስሞች በመጻፍ ብርቱካንን ሲያግዝ እዚያው ቀረ። ነሐሴ ሃያ አራት ቀን አንድ ስም ሊገለብጥ ማውሱን ጎተተ። የተጎተተበት ቦታ ጠቆረ፤ ባዶ ይመስል የነበረው መስመር ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ሶፎኒያስ፣ ና እስቲ» አለ በዓረብኛ። «እዚህ ባዶው ላይ ሰዎች አሉ።»

ሶፎኒያስ መጥቶ አየ። ፕሮግራሙ የተፈለጉትን ስሞች ከነቀናቸው ይይዝ ኖሯል፤ ቁጭ ብሎ ነጩ መስኮት ከገባ ወዲህ ያለውን አንድ በአንድ አገላበጠ። አሥራ አራት ሰዎች በቢጫ መልስ አግኝተው፣ አሥራ አራቱም «የለም» ተብለው ሄደዋል። አንዷ የራሄል እናት ናት። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ኸሽም ኤል ቂርባ፣ ተፈናቃይ ባለበት ትምህርት ቤት። ታማለች። የደወለች ሰኪና።» በሶፎኒያስ ላፕቶፕ የተመዘገበው ነሐሴ አራት ነው፤ እናትየው ከመምጣትዋ ሁለት ቀን በፊት።

ብርቱካን ተጠግታ መስመሩን አነበበች። «ሦስቴ ጽፌዋለሁ» አለች። «ሦስቴ።»

ወደ ሰኪና ቁጥር ብንደውል አይሠራም። በማግስቱ እኔና ሶፎኒያስ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ኸሽም ኤል ቂርባ ሩቅ አይደለም፤ አስፋልት ነው፣ ከቀትር በፊት ገባን። ሶፎኒያስ መንገዱን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ወደ ውጭ ሲያይ ነበር።

ሰኪናን ትምህርት ቤቱ ግቢ ልብስ ስታጥብ አገኘናት። ሱዳናዊት ናት፣ እሷም ከመዳኒ የመጣች። የማንን ነገር እንደምንጠይቅ ስትሰማ እጅዋን ከውሃው አወጣች።

«ሕመምዋ ላይ ኮሌራ ተጨመረባት» አለችን። «ነሐሴ አሥራ አምስት አረፈች። ቁጥራችሁን ከሰው ተቀብዬ የደወልሁት እኔ ነኝ። ዘመዶችዋ ይመጣሉ ስላት በር በሩን ታይ ነበር።»

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከጄሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ላይ ስምዋን በዓረብኛ ጽፈው ተክለዋል። ሶፎኒያስ ፊደሉን ማንበብ እየቻለ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አነበብኩለት።

ከተመለስን በኋላ ሥራው ላይ ተቀመጠ። እንደገባኝ ላስረዳ። ፕሮግራሙ «ቢጫ» ብሎ ያዝዛል እንጂ መስኮቱ ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም ነበር። አሁን መጀመሪያ መስኮቱን የጀርባውን ቀለም እንዲጠይቅ አደረገው። መስኮቱም ቀዩ ይህን ያህል፣ አረንጓዴው ይህን ያህል፣ ሰማያዊው ይህን ያህል ብሎ በቁጥር ይመልሳል፤ ከቁጥሩ ብርሃኑ ይሰላል፤ ጀርባው ነጭ ከሆነ በቢጫው ፋንታ ጥቁር ቡናማ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ራሱ መስኮቱን አስገድዶ እንዲያጠቁረውም ሞክሮ ነበር። ግን ፀሐዩ ላይ ብርቱካን አላየችም፤ ፕሮግራሙም በአግባቡ ሳይዘጋ ሲቋረጥ መስኮቱ እንደጠቆረ ይቀራል፤ ተወው።

ችግሩ ሁሉም መስኮት አለመመለሱ ነው። አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ በደካማ ኔትወርክ ዘግይቶ ይመልስና መልሱ ሰው የጻፈው ይመስል ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ይፈስሳል። ብርቱካን አንድ ቀን ስም ልትጽፍ ስትል የማይነበብ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ተደርድሮ አገኘችው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለች።

«መስኮቱ ነው። ዘግይቶ ነው የመለሰው፤ አስተካክለዋለሁ።»

«አላምነውም፣ ሶፎኒያስ» አለችው፣ ሳትቆጣ። ሰባቱን ደብተር ከቤትዋ መልሳ አመጣችና ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ጋ አልተቀመጠችም።

እሱ ግን ጨረሰው። የዘገየ መልስ እንዳይፈስስ አደረገ፤ መልስ ካልመጣ ቀለሙን ትቶ «ያልተረጋገጠ» የሚል ቃል እንዲጽፍ፣ ያልተገኘውንም «የለም» ብሎ እንዲናገር አደረገው። በአራት ማሽን ሞክሮ አሳየኝ፤ በሁሉም ሠራ። ደስ አላለውም። የቀሩትን አሥራ ሦስቱን ሲደውልላቸው ሰነበተ፤ አምስቱን አገኘ፣ ሌሎቹ ስልክ አያነሱም።

ለተሰንበት መስከረም መጨረሻ ላይ መጣች። የራሄልን መሞት በሰው ልከን ነግረናታል፤ የመጣችው መቃብሩን እንድናሳያት ነው። ብርቱካን ሶፎኒያስን ወደ ውስጥ ጠራችው።

«የቀለሙን ነገር አትንገራት» አለችው። «ለእሷ ምን ይጠቅማታል?»

«ሳልነግራት አብሬያት መኪና ላይ መቀመጥ አልችልም።»

ነገራት። ለተሰንበት መጀመሪያ አልገባትም። «ቢጫ?» አለች። አሳየኝ አለችው። ፕሮግራሙን እንደቀድሞው አደረገና ስሙን ጻፈ፤ ባዶ። ማውሱን ጎተተ፤ መስመሩ ወጣ።

«አንብብልኝ።»

አነበበላት።

«ታማለች ይላል?»

«ይላል።»

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ይህ ነበረ?»

«ነበረ፣ እናቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መስመሩን በጣትዋ ነካችው። ከዚያ «ዝጋው» አለች። ሶፎኒያስ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እጅዋን አነሳች።

«ክፋት እንዳልሠራህ ገብቶኛል» አለችው። «ይቅር በይኝ ግን አትበለኝ። አልችልም።»

ኸሽም ኤል ቂርባ ድረስ አብሯት ሄደ። እሷ እዚያው ከሰኪና ጋር ቀረች፤ ሐምዳይት የሚጠብቃት ሰው የለም።

ኅዳር ላይ ሶፎኒያስ ሰሊጥ አጫጆች የሚጭን ሎሪ ላይ ወጣ። ሱቁን ለምን ትተዋለህ ብዬ ለመንኩት። «እጅ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ይሻለኛል» አለኝ። ፕሮግራሙን የእኔ ማሽን ላይ ትቶታል። አንዳንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ካነሳ ደህና ነኝ ይለኛል።

ብርቱካን ባለፈው ዓመት ወደ ከሰላ ሄደች፤ ደብተሮቹን ይዛለች። ኢሀብም ሄዷል። ሰው ግን ዛሬም ይመጣል። ራኩባው ሥር ይቆምና ስም ይነግረኛል፤ እኔ የወጣውን ማንበብ እንጂ ማሽኑ ላይ መጻፍ አላውቅበትም። መዝገቡ ቆሟል እላለሁ። ከዚያ ያንኑ ስም ለሚቀጥለው ሱቅ ሲናገር እሰማዋለሁ።