የተዋሰችው ሽንት

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሕሪያንን ከጎንደር ገጠር ነቅሎ ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች መጠለያ ጣላት። እዚያ ትኩሳት ያዛት፤ ሽንቷም ያቃጥላት ጀመር። ሐኪሙ ለምርመራ ሽንቷን በብልቃጥ እንድታመጣ አዘዛት።

ፈራች። ሕመም የጠናበትን ሰው በሎሪ ጭነው ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል ይወስዱታል፤ የሰባት ዓመት ልጇን ሉሉን ለማን ትታ ትሄዳለች? "ወላሂ፣ ፍንክች አልልም!" አለችና የሉሉን ሽንት ወስዳ ሰጠች። ልጅቷ እንደሆነች አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብላ አታውቅም።

መርማሪው ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። "ሽንትሽ መግል ሞልቶታል፤ ደምም አለው። እስካሁን እንዴት ቻልሽው፣ እህቴ?"

ባሕሪያን ቀሚሷን ይዛ ወደቆመችው ልጇ ዞረች።

"ሉሉ፣ ሽንትሽ ያቃጥልሻል?"

ሉሉ አንገቷን ደፋች። "አዎ፣ እማዬ። ከአንቺ እንዳይለዩኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"