ለቅሶ ቤት አጠገብ ማይክ አልይዝም

አዳማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የውጭ አገር አገልጋዮች ሲመጡ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቦርሳዬን አሰናድቼ ጥሪ እጠብቃለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ሰምቶ «ድሮም ልቧ አልነበረበትም» የሚል ስለማይጠፋ ነው።

በዚያ ክረምት የመጡትን እንግዶች ወደ ባቱ ይዘናቸው ወረድን። እዚያ ባለችው አጥቢያችን ግቢ ውስጥ ያለውን መዋዕለ ሕፃናት ቀለም ይቀባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ግቢው ውስጥ ትልቅ የመዝሙርና የስብከት ፕሮግራም ያካሂዳሉ። መሪያቸው ትጉህ ሰው ነበር። ከማንም በፊት ተነስቶ ብሩሽ የሚያጥብ፣ ሰዓት የሚያከብር።

እኔ የተግባባሁት ግን በእኔ ዕድሜ ከምትሆን አንዲት ነርስ ጋር ነው። ያየችውን መቅመስ፣ የሰማችውን መናገር ትወዳለች። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ጋሪ ተሳፍረን ሐይቁ ዳር ሄድንና ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን። ዳጣው አፏን አቃጥሏት እንባዋ እየወረደ፣ «ጨምሩልኝ» ስትል ዓሣ አጥማጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከግቢው ጋር አጥር የሚጋሩ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። እማማ በየጠዋቱ ከአጥሩ በላይ ብቅ ይሉና ነርሷን «አካም ቡልተን?» ብለው እንዴት እንዳደረች ይጠይቋታል። እሷም ጮክ ብላ «ናጋ!» ትላለች፣ ደህና ለማለት። ሌላ ቃል አታውቅም፤ ለእሳቸው ግን ያ በቂያቸው ነበር። ከጓሯቸው ጎመን ቆርጠው በአጥሩ ላይ ያቀብሏት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የእድር ጥሩምባ ሰማን። እማማ አርፈዋል።

ፀሐይ ሞቅ ሳይል የእድሩ ድንኳን ከአጥሩ ማዶ ተተከለ። ከአጥሩ ወዲህ የአጥቢያው ወጣቶች ድምፅ ማጉያ ይተክላሉ። ወደ መሪው ሄድኩና «ፕሮግራሙ ይቅር። ሁላችንም ሄደን ለቅሶ እንቀመጥ» አልኩት።

«አይቻልም፤ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን» አለኝ። «ደግሞስ ሐዘንተኛ ተስፋ የሚያስፈልገው ዛሬ አይደለም?»

«በድምፅ ማጉያ አይደለም የሚያስፈልገው።»

የአጥቢያው ወንጌላዊ እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «እህቴ፣ እንግዶቹን አታስቀይሚብን። ስንት ደክመንበታል! ሴትየዋም የእኛ አባል አልነበሩም» አለኝ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር አንገበገበችኝ። «አጥር ተጋርተን የእኛ አይደሉም? አንተስ ነገ ብትሞት የሚቀብርህ ማን ሊሆን ነው? ይኸው ሰፈርተኛ አይደለም እንዴ?»

እጄን ለቀቀ። ኪቦርዱን እየሞከሩ ነበርና ድምፁ የአጥሩን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ማይኩን መሪው እጅ ላይ አስቀመጥኩ። «ዛሬ አላስተረጉምም» አልኩት። ለማገልገል ቃል እንደገባሁ አስታወሰኝ። «እሱን ላደርግ ነው የምሄደው» ብዬ ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ።

በር ላይ ነርሷ ደረሰችብኝ። ጣቶቿ ገና ቀለም እንደነካቸው ናቸው። «ምንድን ነው የምለው?» አለችኝ።

«ምንም አትበዪ። ገብተሽ ትቀመጫለሽ።»

ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አባባ ፊት ለፊት ከዘራቸውን ጨብጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ያስተማርናቸው ልጆች እዚያው ነበሩ፤ ግማሾቹ ከእናቶቻቸው ሥር ተቀምጠዋል፣ ግማሾቹ ውኃ ያቀብላሉ። ማንን ሊሰብኩ እንደሆነ እንጃ። ጥቂት እንደቆየን መዝሙሩ ከአጥሩ ማዶ ጀመረ፤ ጭብጨባ፣ ከበሮ። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ቀና ብለው «እነዚህ ሰው ሞቶባቸው አያውቅም?» አሉ።

ነርሷ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ እንዳለ ነገርኳት። ተነስታ ወጣች። መቋቋም አቅቷት የሄደች መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሙዚቃው መሃል ላይ ተቋረጠ። ተመልሳ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ጎረቤት ንፍሮ ሲያዞር በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ሰው እንደሚያደርገው አይታ። በኋላ ስጠይቃት የኤሌክትሪክ ገመዱን ራሷ እንደነቀለችው ነገረችኝ።

ከቀብር ስንመለስ መኪናው ተጭኖ እሷን ይጠብቃል። መሪው ለሁሉም እጁን ዘረጋ፤ እኔን አለፈኝ። እሷ ግን አባባን ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም በኦሮምኛ መረቋት። የተባለው እንደገባት ሁሉ አለቀሰች።

አዳማ እንደተመለስኩ ኮሚቴው ጠራኝ። ሰብሳቢው፣ የማከብራቸው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እንግዳ አዋረድሽ ተብለሻል» አሉኝ።

«እንግዳ አላዋረድኩም ጋሼ። የሞተ ሰው ነው ያከበርኩት።»

«ማስተርጎም እንጂ መወሰን ያንቺ ድርሻ አልነበረም።»

«አፌን ነው ያዋስኩት እንጂ ልቤን አይደለም። እርስዎ ቢሆኑ እዚያ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር?»

ሌሎቹ የኮሚቴው አባላት ይቅርታ እስክጠይቅ ከአገልግሎቱ እንድታገድ ወሰኑ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሌላ ቡድን መጣ፤ ሌላ ሰው አስተረጎመ። በዚያው ሰሞን በሚኒባስ ተሳፍሬ ብቻዬን ባቱ ወረድኩ፤ የእማማን ሙት ዓመት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዋልኩ፤ ማታ እያንጎራጎርኩ ተመለስኩ።

ቤተ ክርስቲያኔን አልለቀቅኩም። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የሚወዱኝ ሰዎች ደጋግመው «አንዲት ይቅርታ ምን አላት? ብለሻት ተመለሺ» ይሉኛል። ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው? አልጠይቅም።