ሳልገዛው የጨመርኩበት ጋቢ

ሙዘይን ጨረታ ሲጠራ ድምፁ ከመስጊዱ ግቢ ወርዶ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። «አንደኛ...» ብሎ ሲያስረዝመው አምባሰል የሚያንጎራጉር ነው የሚመስለው፤ ሰው በቆመበት ዓይኑ ይከደናል፣ ስንት እንዳለ እንኳ ሳያውቀው ይጨምራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመስጊድ የተሰጠውን በግ፣ ማርና ማሽላ ሁሉ ያጫረተው እሱ ነው። ለራሱ አምስት ሳንቲም ወስዶ አያውቅም።

ሌባው እኔ ነኝ፣ ሙአዊያ። ምን ይደበቃል! ሙዘይን ትከሻውን ሲያክ፣ ምልክታችን ነውና፣ ከሰው መሀል ሆኜ ዋጋ እጨምራለሁ። ልገዛ አይደለም፤ ሌላው እንዲጨምር ነው። ኡስታዙ፣ ሳይገዙ ዋጋ መስቀል ሐራም ነው ብሎ ሲያስተምር ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ሰምተናል። ስንወጣ ግን ለአላህ ቤት አይደል እንዴ እንባባላለን።

ባለፈው ጁሙዓ፣ ሟቿ ዑምኩልሱም ለመስጊድ የተናዘዘችው ጋቢ ወጣ። ራሷ ፈትላ ያሠራችው ነው። ልጇ ኑርሀያት ኑዛዜውን አድርሳ፣ መልሳ በወጉ ልትገዛው መጥታለች። የእናቴ ጠረን አለበት አለችኝ በሩ ላይ። ኢንሻአላህ አልኳት፤ ምላሴ ይቆረጥ።

ሁለት ሺህ ብላ ጀመረች። ሰው ነገሩ ገብቶት አልጨመረባትም። ሙዘይን ግን በገዛ ድምፁ ተወስዷል፤ እጁ በልማዱ ትከሻው ላይ ወጣ። እኔም በልማዴ ጨመርኩ። ጨመረች፤ ጨመርኩ። ነፋሱ ጋቢውን ያወዛውዘዋል፣ ሁሉም ነገር ህልም ህልም ይለኛል። አምስት ሺህ ስል መቀነቷን ዳበሰችና ፊቷን አዞረች።

«ሁለተኛ...» አለና ሙዘይን ነቃ። እሷ ወደ በሩ እየሄደች ነው፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ሃምሳ ብር የለኝም። ዝም በል፣ በኋላ ወስደን እንሰጣታለን እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት።

«ተመለሽ ኑርሀያት» አለ። «በሁለት ሺህ ያንቺ ነው። ሙአዊያ ገዢ አይደለም፤ ዋጋ እንዲሰቅል ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ኑርሀያት ተመልሳ ጋቢውን ሳትነካ ቆመች።

«እናቴ አምና ከዚሁ ጨረታ ጊደር ገዝታ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ዕዳውን ስትከፍል ነው ዓመቷን የጨረሰችው። ያኔ የጨመረባት ማነው?»

ሙዘይን አፉን ከፈተ፤ ያ ድምፅ አልወጣም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። አፉ በይኝ የምላት ሴት ግን አፈር ገብታለች።