ሚዜው ያላየው ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ በረንዳ ላይ ዝናብ አስጠግቶኝ ቆሜ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አንድ የቆየ ፊልም ያሳያል፤ የተዋናዩ ኮት ክሩ ሳይቀር ይታያል። ሻጩ ወጣት አጠገቤ ለተጠለሉ አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ በድሮ ካሴት ያዩት ፊልም ነው እኮ! በኤች ዲ ዲስክ ሲያወጡት ነው እንዲህ የሆነው» ይላቸዋል። አዛውንቱ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያኔ ያልነበረውን ጥራት ዛሬ ከየት አመጣው?» ብለው ጠየቁት። ሻጩ ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄው ወደ ተማሪነቴ ዘመን፣ ወደ አየር ጤና መለሰኝ።

በዚያን ዘመን ጓደኛዬ በረከት አየር ጤና ላይ፣ በአንድ ጋራዥና በአንድ ጫማ ቤት መካከል፣ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የክረምት ዕረፍቴ የሚያልቀው እዚያ ነበር። ከፍተኛ ጥራት ያላቸው ዲስኮች ከውጭ ብቅ ማለት የጀመሩበት ጊዜ በመሆኑ በረከት ዲስኩ የማይፈውሰው ሕመም ያለ አይመስለውም ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ጉዳዩ አንድ መጽሔት ላይ ካነበብሁ በኋላ የራሴን አቋም ይዤ ነበር፦ ዲስክ ማለት እንስራ ነው፤ እንስራ ምንጩን አያጠራም። አንዳንዶቹ አሮጌ ፊልሞች አዲስ ሆነው የሚወጡት አሳታሚዎቹ ወደ መጀመሪያው፣ ካሜራው ራሱ ወደ ቀረጸው ፊልም ተመልሰው ስለሚቀዱ ነው። የተጎሳቆለ ቅጂ አምጥቶ አዲስ ዲስክ ላይ መገልበጥ ግን ጉስቁልናውን ማጉላት ብቻ ነው። ይህን በጽሑፍ ቋንቋ ሳስረዳው በረከት፣ «እሺ ፕሮፌሰር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» እያለ ያፌዝብኝ ነበር።

ክርክራችን ከፌዝ የወጣው በጎረቤታችን በእትዬ አልታዬ የሰርግ ካሴት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሰው ያረፉት ልጃቸው ሰላማዊት ገና ስትድህ ነበር። ከእሳቸው የቀረው ምስል የመታወቂያ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ አፋቸውን ገጥመው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ የተቆጡ ይመስላሉ። የሚንቀሳቀሱበትና የሚስቁበት ያ ካሴት ብቻ ነበር። እንደ ሰፈራችን ወግ፣ እንግዳ ቤት ከገባ በልቶ ጠጥቶ የሰርግ ቪዲዮ ሳያይ አይወጣም፤ ስለዚህ እኛም የእትዬ አልታዬን ሰርግ በቃላችን እናውቀው ነበር። ሙሽሮቹ የወላጆችን ጉልበት ሊስሙ እኩል ሲያጎነብሱ ራስ ለራስ ይጋጫሉ። ጋሽ ደምሰው ቀና ይሉና በሳቅ ይፈርሳሉ። እትዬ አልታዬ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ካሴቱን ያቆሙታል። «ቆይ፣ እስቲ ትንሽ እንየው» ይላሉ።

ካሴት ግን በአንድ ቦታ ሲቆም ማጫወቻው ዴክ ያንኑ ቦታ ይፍቀዋል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ሌላው ሰርግ ደህና ሆኖ፣ ያች ሳቅ ብቻ በነጭ ጭረትና በረዶ በመሰለ ነጠብጣብ ተሸፈነች። ሰላማዊት ነፍስ አውቃ የሰው ፊት መለየት ስትጀምር የአባቷ ፊት ከጭረቱ ጀርባ ሆኖ ነበር። በዚያ ክረምት ሽማግሌዎች መጥተው ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበርና ካሴቱን ይዛ በረከት ዘንድ መጣች።

«በኤች ዲ ሥራልኝ» አለችው። «አባቴ ሲስቅ ሳላይ አላገባም።»

«አንቺ ብቻ ሙሽራውን አረጋጊው» አለ በረከት። «የቀረውን ለኔ ተዪው።»

ቀናት ፈጅቶ ሠራው። ስናየው ግን ጭረቱ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ደምቆ መጣ። በኮምፒዩተር አለስልሶ ሲያጠፋው ደግሞ በቦታው ዓይንና አፍንጫው የቀለጠ፣ የሰም የመሰለ ፊት ተተካ።

ሰላማዊት አፏን በእጇ ሸፈነች። ይህ ልማዷ ነበር፤ ፍንጭት ናት፣ ስትስቅም ሆነ ስታዝን ጥርሷን ትደብቃለች። «ይኼ አባቴ አይደለም፤ አሻንጉሊት ነው» አለች።

እኔም ስለ መጀመሪያው ፊልም ያነበብሁትን፣ መጽናኛ ይሆን ይመስል፣ በዝርዝር አስረዳኋት። እስክጨርስ ታግሣ ሰማችኝ። «እንግዲያው የኛስ ሰርግ ሌላ ቅጂ የለውም?» ብላ ወደ እናቷ ሮጠች።

እትዬ አልታዬን ጥያቄው አስገረማቸው። «ያኔማ ለዋናው ሚዜ አንድ ካሴት መስጠት ወግ ነበር። ወርቁ ወስዷል። ግን እሱስ ቢሆን ሲያየው ኖሮ እንደኛው ጨርሶት ይሆናል እንጂ!»

በማግስቱ አራታችንም ወደ ቀራንዮ ሄድን። የነሐሴ ዝናብ መንገዱን አቡክቶት ስለነበር ታክሲው ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ አውርዶን በእግራችን አዘገምን። በረከት ከመንገድ ዳር የበቆሎ ጥብስ ገዝቶ አካፈለን፤ የከሰሉ ትኩሳት በመዳፌ ላይ እስካሁን ያለ ይመስለኛል። ሰላማዊት የእሷን ሳትቀምሰው ይዛው ሄደች።

ጋሽ ወርቁ በር ሲከፍቱ ሸበቶዋን ጎረቤታችንን አይተው፣ «ሙሽራዬ! በዚህ ጭቃ?» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሌላ ስም አላወጡላቸውም። የመጣንበትን ሲሰሙ ወደ ቡፌው ሄደው ከሸክላ ሳህኖቹ ጀርባ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ አልደበዘዘም።

«ስንቴ አይተውታል?» አለ በረከት በጭንቀት።

«እኔ? አላየሁትም።»

«አንዴም?»

«በምን ልየው? ዴክ ኖሮኝ አያውቅ!»

በረከት ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ያደርግልዎታል?»

ጋሽ ወርቁ ቅር ሳይላቸው አዩት። «አደራ ነዋ! ደምሰው በእጁ ነው የሰጠኝ። አደራ ይጠበቃል እንጂ ይታያል እንዴ?»

በረከት ካሴቱን ወዲያው ዴክ ውስጥ አልከተተውም። ዘመን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ክር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሞተር ሲስበው ቢበጠስ ሌላ የለም። ሽፋኑን ፈትቶ፣ በደረቅ ክፍል አሳድሮ፣ ጥቅሉን በጣቱ ቀስ እያለ ዳር እስከ ዳር አዞረው። እንደዚያ ቀን ሳይቀልድ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ አልታዬ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ወርቁም ከረባት አስረው መጡ። ምስሉ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስለነበር ቀለሙ ትንሽ የገረጣ ነው፤ ምንም ግን አልጎደለውም። አንድ ቀጭን ወጣት በመሐረብ የሙሽራውን ላብ ሲጠርግ ታየ።

«ይህ መቃ ማነው?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«አንተው ነህ፣ ሚዜዬ!» አሉ እትዬ አልታዬ።

«አይ! እንዲህ ያምርብኝ ነበር?»

ሳቁ ሳይበርድ ሙሽሮቹ አጎነበሱ፤ ተጋጩም። ጋሽ ደምሰው ቀና አሉ፤ ፊታቸው አንድም ጭረት ሳይነካው፣ አፋቸውን ሙሉ ከፍተው ሳቁ። በላይኞቹ ጥርሶቻቸው መካከል ክፍተቱ ወለል ብሎ ታየ።

«እማዬ! ፍንጭት ነው!»

«ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ነግረሽኛል» አለች ሰላማዊት። 

ሪሞቱ በእትዬ አልታዬ እጅ ነበር። ሁላችንም እንዲያቆሙት ጠበቅን። እሳቸው ግን ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ይሂድ» አሉ። «ሳቁን ይጨርስ።» ያን ቀን የጋሽ ደምሰው ሳቅ፣ እኔ በማውቀው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው አለፈ። የሰላማዊት እጅ አፏ ላይ አልነበረም። በጥር በተቀረጸው በራሷ ሰርግ ላይም፣ ማንም ሰው ሊያይ በሚችለው ጥራት፣ ጥርሷን ሳትሸፍን ትስቃለች።

ዲስክ ምስልን ያሻሽላል ወይ ሲሉኝ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ምንጩን ጠይቁ እላለሁ። ያ መጽሔት ግን ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ፦ ምንጭ ራሱን በራሱ አይጠብቅም። ለራሱ ማየት የማይችለውን ነገር ስለ ሌላው ብሎ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልሎ የሚያኖር ሰው ያስፈልገዋል።

ዝናቡ ሲያባራ ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ አልተረክሁላቸውም። «አባባ፣ ጥራቱ ያኔም ነበረ፤ የመጀመሪያውን ሳያበላሽ ያቆየ ሰው ስለተገኘ ነው የታየው» አልኋቸው ብቻ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዣንጥላቸውን እየዘረጉ፣ «እኔም ቤት አንድ የሰርግ ካሴት አለ» አሉ። «ማጫወቻው ድሮ ተበላሽቷል። ልጆቹ ጣለው፣ ቦታ ያዘ እያሉ ይጨቀጭቁኛል።»

«አይጣሉት» አልሁ፤ ድምፄ ካሰብሁት በላይ ጮኾ ሻጩ ሳይቀር ዞር ብሎ አየኝ። «አደራዎን አይጣሉት።»