ወፍጮው ሲቆም

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር እንደ እኔ ሄቪ ሜታል የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ሰምቶ በእግሩ የቆመ ወንድ የለም። እርግጥ ነው፣ ሌላ የሚሰማውም ሰው የለም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ወፍጮ ሥር የሚውል ጆሮ ለስለስ ያለ ዘፈን አይሰማም፤ ክራሩም ማሲንቆውም ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ዱቄት ይሆናል። አንድ የቡሬ ሞባይል ጠጋኝ በስህተት ሜሞሪዬ ላይ የጫናቸውን ሦስት አልበሞች ስሰማ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍጮውን የሚደበድብ ነገር አገኘሁ። የመጀመሪያው አልበም ከበሮ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ነው፤ ቁልቁለት ይዞ ያገኘውን እያጨደ ይወርዳል። ጊታሩ በሬን ከነነፍሱ በመጋዝ ይሰነጥቃል። ዘፋኙ ደግሞ አንገቱን ታርዶ፣ ደሙን እየዋጠ፣ ያረደውን ሰው ይራገማል። ሁለተኛው አልበም ቀስ ያለ ነው፤ ቀስ ያለ ስል ሰውን በመዶሻ ለመግደል ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ዓይነት። ሦስተኛውን የሰማሁ ዕለት አገር አቃጥዬ የተመለስኩ ይመስለኝና እራት ደርቤ እበላለሁ።

ቃሉ አይገባኝም። ግን አብሬው አጓራለሁ። ወፍጮው እስከዞረ ድረስ ማን ይሰማኛል?

አንድ ቅዳሜ ረፋድ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ሁለት ወንድ ልጆቻቸውን አስከትለው ከማንኩሳ ጤፍ በአህያ አስጭነው መጡ፤ አማች ወፍጮ እያለው ሌላ ጋ ማስፈጨት እንደ ስድብ ነው። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ሚስቴም ምሳዬን ይዛ ደርሳለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፊቴ ዱቄት ለብሶ፣ ከዘፋኙ ጋር አንድ ሕዝብ እያረድኩ ነው። መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቆመ። ጆሮዬ በማዳመጫ የተደፈነው እኔ ግን ምን አውቄ፤ ማረዴን ቀጠልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሴቶቹ እህላቸውን ጥለው ደጅ ወጥተዋል። ከሴቶቹ የቀሩት ሚስቴና አማቴ ብቻ ናቸው፤ አማቴ ያማትባሉ። ማዳመጫውን ነቅዬ ሙዚቃ መሆኑን ብነግራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርግ ሲያዩ እንዲህ ያለ ሙዚቃ እንዳልገጠማቸው መለሱልኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ የሚያጓራው እስኪወጣልህ ልጄን ይዣት እሄዳለሁ። ካልወጣም አትመለስም።"

ሚስቴ ትከራከርልኛለች ስል መሬት መሬት አየች። ለካ እሷም በሆዷ ትጠረጥረኝ ኖሯል።

ጤፉን ያመጡት ሁለቱ ወንድሞቿ መጡብኝ። አንዱን የጤፉ ማዳበሪያ ላይ ጣልኩት። ሌላው በግንባሩ አፍንጫዬን አለኝ፤ ደሜ ከዱቄቱ ጋር ሊጥ ሆኖ ጢሜ ላይ ተንጠለጠለ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ እጅዎን ወዲህ ይስጡን" እያሉ፣ አንቱታቸውን ሳይረሱ፣ የአህያውን ጭነት ባሰሩበት መጫኛ ጠፈሩኝ። ታላቅየው የማዳምጠው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ የሙዚቃውን ስም በአማርኛ ላስረዳው ብዬ "ከባድ ብረት ነው" አልኩት። እኛ አገር ብረት ማለት ጠመንጃ ነው። ወገቤን ፈትሸው ሲያበቁ መጫኛውን ይበልጥ አጠበቁት።

በባጃጅ ፀበል ወሰዱኝ። ከእኛ ፊት አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ውሃው ሲነካት ጮኸች። ያን ያህል አልበም ሰምቻለሁ፤ ያ ጩኸት ግን ጊታር አያስፈልገውም ነበር። የያዟትን አራት ጎረምሶች ድንጋዩ ላይ ፈጠፈጠቻቸው፤ የአንዱ ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ዘፋኞቼ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ሕፃናት ሆኑብኝ።

ተራዬ ደረሰ። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሬ ላይ ተክለው "በምን ገባህ?" አሉ።

"በጆሮ" አልኩ። እውነቱም ያ ነው።

ሕዝቡ እልል አለ። ውሃው እንደ ዱላ ወረደብኝ፤ ሚስቴ ማንኩሳ እንዳትቀርብኝ ብዬ "ወጣሁ፣ ወጣሁ" እያልኩ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ። አማቴ መጫኛውን በገዛ እጃቸው ፈቱልኝ፤ ልጃቸው ቤቷ እንደምትቀርም በሰው ፊት ተናገሩ። ሚስቴ እርጥብ ሱሪዬን አይታ፣ ውሃው እንዳያሳምመኝ ሰግታ፣ ነጠላዋን ወገቤ ላይ አሰረችልኝ።

ሱሪዬን መጀመሪያ ያረጠበው ፀበሉ አልነበረም። ልጅቷ ስትጮህ፣ ገና ተራዬ ሳይደርስ፣ ሸንቼበት ነበር።