አዴ ጫልቱ እምቢ ያሉ ዕለት

ዳማከሴ በእጅ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ካፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር፣ የናዝሬቱ የቀበሌ ቤታችን ጓሮ ድቅን ይልብኛል።

ጓሮው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ጋር እንጋራው ነበር። አዴ ጫልቱ ከሁሩታ አካባቢ በጋብቻ መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ እዚያው የቀሩ፣ ወለምታ የሚያሹ፣ ምች የሚያበርዱ ሴት ነበሩ። አባቴ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚውለው ከስንት አንዴ ነው፤ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ታምሩን ይዛ፣ ለችግርም ለጨዋታም የምትሮጠው ወደ እሳቸው ነበር።

በበጋ፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ዓይን ሲያስጨፍን፣ አዴ ጫልቱ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ አጠራቅመው ተክሎቻቸውን ያጠጡ ነበር። ለዘር የመረጡት በቆሎ ከነልባሱ ተቋጥሮ፣ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠግብ ይከርማል፤ «ነቀዝ ጭስ አይወድም» ይሉን ነበር። የባቄላውን ዘር ደግሞ ባመድ ለውሰው በእንስራ ይከቱታል።

የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ያንን በቆሎ ፈልፍለን አብረን እንዘራለን። ቅጠል የሚያስተምሩንም ያኔ ነበር። አሽትተን ሳንለየው ስሙን አይነግሩንም፤ ስሙንም በኦሮምኛና በአማርኛ ካልጠራን አያልፉንም። አንድ ቀን ቸኩዬ የማላውቀውን ቅጠል ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ቀብ አድርገው፣ «መጀመሪያ የሚጎዳውን እወቂ፤ የሚያድነው ይደርሳል» አሉኝ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ውሃ ካቆረው ቦይ ሁሉ ቢምቢ ይፈላ ነበር። በአንዱ መስከረም ታምሩ ከሜዳ ሲጫወት ውሎ እንደ እሳት እየጋለ ገባ። ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። እናቴ «ላብ ላይ ፀሐይ መትቶት ነው፣ ምች ነው» አለችና አዴ ጫልቱን ጠራች። እሳቸውም ዳማከሴውን አሽተው ገላውን ቀቡት፣ ጭማቂውን ካፍንጫው ጠብ አደረጉለት፤ አላበውና ተኛ። በማግስቱ ሲቦርቅ ዋለ። ነገር ግን ቀኑን ጠብቆ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

እናቴ ቅጠሉን ራሷ ቀጥፋ መጣች። «አዴ፣ እባክዎ ይድገሙለት።»

አዴ ጫልቱ ሆዱን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ የዓይኑን ቆብ ገልጠው አዩና ቅጠሉን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እምቢ። ይሄ ምች አይደለም፤ ቡሳ ነው፣ ወባ። ሐኪም ቤት ይሂድ።»

እናቴ ደነገጠች። ከእኔ በፊት የወለደችው ልጅ ታሞ፣ ሐኪም ቤት ገብቶ እዚያው ሞቶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልፋ አታውቅም። ታምሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከግድግዳው ተጣበቀች።

«አንዱን ሰጥቼ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ። ይሄን አልሰጥም!»

አዴ ጫልቱ አልተቆጡም። አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የማውቀውን ሰጠሁት። ከእንግዲህ ብቀባው እያታለልኩሽ ነው» አሏት።

እናቴ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አዴ ጫልቱም ሳያስቸኩሏት ጠብቀው፣ ክንዷ ላላ ሲል ልጁን ተቀብለው አዘሉትና ጋሪ ተሳፍረን ሄድን።

ሐኪም ቤቱ በበሽተኛ ተጨናንቆ ነበር። የደከማት ነርስ ልጁን ስታሸተው ፊቷ ተለወጠ። «ቅጠል ስትቀቡ ቆይታችሁ አሁን ታመጡታላችሁ?»

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አሉ አዴ ጫልቱ። «ምች መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። እዩልን፣ ልጄ።»

ነርሷ ደሙን ወስዳ ወደ ውስጥ ገባች። ወባ ነበር። መርፌ ተወጋ፣ መራራ ክኒንም ተሰጠው። እስኪሻለው ድረስ አዴ ጫልቱ ከእናቴ ጎን ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ሰነበቱ። በመጨረሻ ታምሩ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ፣ ራበኝ» ሲል፣ እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ለቅሶው የመጣው ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሠፈራችን ውስጥ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር እናቴ አዴ ጫልቱን ታስጠራለች፤ እሳቸው «ሂዱ» ካሉ ደግሞ አራሷንም ፈሪዋንም ይዛ ሐኪም ቤት የምትሮጠው እሷ ነበረች። አዴ ጫልቱ እግራቸው ሲከዳቸው ዘመዶቻቸው ወደ ሁሩታ ወሰዷቸው። ሲያርፉ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ታምሩ ነበር።

ዛሬ ጓሯችን ላይ ፎቅ ቆሞበታል። ልጄ ሲያተኩሰው ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ ወዲያው ይነገረኛል፤ ተመስገን ነው፣ እናቴ ይህን ብታገኝ ኖሮ ምናልባት የመጀመሪያ ልጇን ባልቀበረች ነበር። ነገር ግን ወረፋ ስጠብቅ ግራ ቀኜን አያለሁ፤ እናቶች ሁላችንም ልጆቻችንን አቅፈን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ለየብቻችን ዝም ብለን ተቀምጠናል።